ሃሩንና ያልተሸጠው ባሕር ዳር

ሃሩን ባሕር ዳር ከተማ፣ ያውም ሐይቁ አፍ ላይ፣ መሬት አለው ተባለ። ሆቴል ሠሪዎች መሬቱን ፈልገው ቢለማመጡት "አልሸጥም" ብሎ ደጅ እያስጠናቸው ነው ተባለ። ጉዳዩ ሲያልቅ ከተማችንን መካነ ሰላምን ጥሎ ሊሄድ ነው፣ ሻንጣውንም ገዝቷል ተባለ። ሻንጣውን በዓይኔ አየሁ የሚል ሰው አልጠፋም፤ እንዲያውም በዛ። ያልተስማሙት ቀለሙ ላይ ብቻ ነው።

እኔ አላመንኩም። በመጀመሪያ፣ ሐይቅ ዳር መሬት ያለው ሰው የተበጠሰ ነጠላ ጫማውን በማዳበሪያ ጆንያ ክር አይሰፋም። ሁለተኛ ደግሞ ወሬውን ያወጡት ጋሽ አወቀ ናቸው። ጋሽ አወቀ የከተማችን ደላላ ናቸው። ገና ያልተሠራ ቤት አከራይተው፣ ተከራዩን "ጣራው አፈሰሰብኝ" ብሎ አቤት እንዲል ያደረጉ ሰው ናቸው። እሳቸው መሬት አለ ካሉ ሰማይ መኖሩንም መጠራጠር ነው።

ሃሩንን የማታውቁት ከመሰላችሁ ተሳስታችኋል፤ ታውቁታላችሁ። ከንቲባ የሌለው ከተማ አይቻለሁ። ውሃ የሌለው፣ መብራት የሌለው፣ አንዳንድ ሰሞን ደግሞ ሁለቱም የሌሉት ከተማ ውስጥ ኖሬአለሁ። ያልተሾመ ጠባቂ የሌለው ከተማ ግን በዓለም ላይ የለም። አቀስታ አንድ አለ። አጅባር ሁለት አሉ፤ አንዱ ሌላውን ይጠብቃል። መቅደላ አምባ ላይ እንኳ ያ ሁሉ ሠራዊት ሲርመሰመስ አንድ ሰው ከጥግ ሆኖ "ኧረ ባካችሁ መድፉን ከሣሩ ላይ አንሡልኝ" ሲል እንደነበር ቅንጣት አልጠራጠርም። የእኛው ሰው ሃሩን ነው። ክቡር ሃሩን፣ የምንም ነገር ሹም ያልሆኑት።

ከከተማው ግርጌ የምትወርደውን ጅረት እንውሰድ። ባጃጅ ነጂዎች ጎማቸውን ሊያጥቡ ሲወርዱ ሃሩን ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ይጠብቃቸዋል። አይቆጣም። ዘይቱ ውሃው ላይ ቀስተ ደመና ሲሠራ ያያል፣ ከዚያ ለስለስ አድርጎ "ወንድሜ፣ ይሄ አሁን ወርዶ የማን ሻይ ይሆናል?" ይላል። ነጂው እስኪናደድ ይጠይቀዋል። ነጂውም የሰው ልጅ በሃሩን ፊት የሚያነሣትን ጥያቄ ያነሣል።

"አንተን ደግሞ ማን ሾመህ?"

"ሹም ያለውንማ ሹሙ ይጠብቀው። እኔ ሹም የሌለውን ነው።"

ይህቺን አነጋገር በቀን ውስጥ ስንት ጊዜ እንደሚላት የሚያውቅ የለም፤ ሚስት ቢኖረው ኖሮ እሷም መቁጠሩን ትታው ነበር።

ሃሩን የጁምዓ ሰው ነው፤ እሁድ ጠዋት ግን የምታገኙት ቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር ነው። ከአጥሩ ውጪ ጥቂት ጽዶች አሉ። ምእመናን ሲያስቀድሱ ፍየሎቻቸው አያስቀድሱም፤ ጽዱን ይልጣሉ። ስለዚህ ቅዳሴው እስኪያልቅ ሃሩን ፍየል ያባርራል። አንድ ቀን ቄሰ ገበዙ አዘኑለትና "ሃሩን፣ ፀሐዩ በላህ እኮ፤ ግባና ጥላው ሥር ተቀመጥ" አሉት።

"አይ አባ፣ ውስጡማ እርስዎ አሉለት" አላቸው።

ከከተማችን ወዲያ ያለውን ብሔራዊ ፓርክም እንዲሁ ነው። ሰው ከሩቅ አገር መኪና ተከራይቶ ጭላዳና ቀይ ቀበሮ ለማየት ይመጣል። ሃሩን ፓርኩን ከልቡ ያከብራል፣ ግን ገብቶ አያውቅም። "እዚያ ምን አደርጋለሁ? ጠመንጃ የያዘ ዘበኛ አለው" ይላል። እሱ የሚቆመው ከወሰኑ ድንጋይ ወዲህ ነው። መንገድ የሳተች ድኩላ ብቅ ብትል "አብሽሪ፣ እዚህም ሰው አለ" ሊላት ይመስላል።

በአንድ ክረምት ደግሞ የራሕማ ሻይ ቤት በር ላይ ውሃ አቆረ። ራሕማ ኩዌት ሠርታ የተመለሰች፣ ከመካነ ሰላም እስከ ደሴ የሚስተካከለው የሌለ ሳምቡሳ የምትጠብስ ሴት ናት። ሃሩን ውሃውን ጎንበስ ብሎ ቢያየው የእንቁራሪት ልጆች ይርመሰመሱበታል። ዙሪያውን ድንጋይ ደርድሮ ከለለው። ደንበኛ ሁሉ በጓሮ በር፣ በዶሮዎቹ በኩል፣ ሻይ ሊጠጣ ገባ።

"ሃሩን፣ በአላህ! በሬን ዘጋህብኝ እኮ!" አለች ራሕማ።

"ጥጃ ቤት ነው፣ ራሕማ። ጥጃ ቤት ላይ አይረገጥም።"

"እኔ ሻይ ቤት እንጂ ጥጃ ቤት መቼ ከፈትኩ?"

እንቁራሪቶቹ እግር አውጥተው እስኪሄዱ በሩ እንደተዘጋ ቆየ። ራሕማ ስትሳደብ ሰንብታ በመጨረሻ ላይ የዳቦ ፍርፋሪ ስትጥልላቸው አይቻታለሁ።

ይህ የጥጃ ቤት ነገር ከየት መጣ? ከባሕር ነው የመጣው።

ሰው ከዓረብ አገር ሲመለስ ቴሌቪዥን ይዞ ይመጣል። ብርድ ልብስ ይዞ ይመጣል። አንዳንዱ ጥርሱን ወርቅ አስለብሶ ይመጣል፣ እስኪለምደውም ያለ ምክንያት ይስቃል። ሃሩን ይዞ የመጣው ጭቃ ነው። በስልኩ።

"እስቲ እዩልኝ ይሄን ጭቃ!" ይላል፣ ስልኩን አፍንጫችን ሥር ደቅኖ።

እኛ እንግዲህ የመካነ ሰላም ሰዎች ነን። ክረምት በመጣ ቁጥር አንድ እግር ጫማ ለመንገዱ ገብረን የምናልፍ፣ በጭቃ ጉዳይ ዶክትሬት ያለን ሕዝብ ነን። ይህ ሰው ባሕር ተሻግሮ፣ ጭቃ ቀርጾ፣ ለእኛ ያሳየናል! ደግሞ ቪዲዮው አያልቅም። ጭቃ፣ ውሃ፣ ጭቃ ላይ የሚሮጥ ሸርጣን፣ እንደገና ጭቃ፣ ከዚያ በጨው ውሃ ውስጥ የቆሙ አረንጓዴ ዛፎች። ዓረቦቹ ሹራ ይሏቸዋል። ሥራቸው ከጭቃው ወደ ላይ እንደ እርሳስ ይበቅላል።

"ሥሩ ወደ ላይ?" አሉ ጋሽ አወቀ መጀመሪያ ያዩት ቀን። "ይሄማ ዛፍ አይደለም፤ ሲተክሉት የተሳሳቱት ነው።"

ነገሩ እንዲህ ነው። ሃሩን በልጅነቱ ከብት ማገድ መረረው። አገሩን ለቀቀ፣ በረሃውን አቋረጠ፣ በጀልባ ተሻገረ። ስለ ጀልባው ጉዞ አንድ ጊዜ ጠይቄው "ባሕሩ ጥፋት የለበትም" ብቻ ብሎኝ ሻዩን ማማሰል ጀመረ፤ ስኳሩ ከሟሟ ቆይቶ ነበር። ደግሜ አልጠየቅሁትም። በመጨረሻ በሳዑዲ ቀይ ባሕር ዳርቻ ካለች፣ ስሟን ነግሮኝ ከረሳኋት የዓሣ አጥማጆች መንደር ደረሰ። አቡ ኸሚስ የሚባሉ ሽማግሌ ሥራ ሰጡት። ሥራው ምን ነበር? ግመል ከባሕር ማባረር! ከብት ጥበቃ ሸሽቶ ቀይ ባሕርን የተሻገረ የወሎ ቦረና ልጅ፣ እስከ ጉልበቱ ጭቃ ውስጥ ገብቶ ግመል ሲጠብቅ ኖረ። ከዕድል ጋር የሚቀልድ ሰው አይቻለሁ፤ ዕድል ግን እንደ ሃሩን የቀለደችበት የለም።

ግመሎቹ የሹራውን ቅጠል ይወዳሉ። ሹራው ደግሞ ባሕሩ ወደ የብስ ክንዱን በሰደደባት አንዲት ትንሽ ወሽመጥ ዙሪያ ነው ያለው። ዓሣ ሁሉ የሚወልደው እዚያ፣ ጫጩቶቹ የሚያድጉት እዚያ፣ በሥሮቹ መካከል ነው። "ጥጃ ቤት ነው" ይላል ሃሩን። "ጥጃውን ካረድህ ከርሞ ምን ታልባለህ?" የመንግሥት ጥብቅ ክልል ከዚያች ወሽመጥ ሳይደርስ ያበቃል፤ ታፔላው ወዲያ ማዶ አሸዋው ላይ ተተክሏል። ወሽመጧን የሚጠብቃት የመንደሩ ቃል ነው። ሒማ ይሉታል፤ ከአባት ከአያት ጀምሮ በቃል ብቻ የተከለለ ማለት ነው። ዓሣ በሚወልድበት ወራት መረብ አይጣልም፣ ሹራ አይቆረጥም፣ ግመል አይገባም። አጥር የለው፣ ማኅተም የለው። ያለው ሃሩን ነበር፤ እሱም የመኖሪያ ፈቃድ አልነበረውም።

አንድ ቀን ገበያ ወጥቶ ታፈሰ፣ በአውሮፕላን ተጭኖ መጣ። ከእነ ጭቃው።

አሁን ወሬው ወደተወለደበት ጠዋት እንምጣ። ራሕማ ሻይ ቤት ተቀምጠናል። የሃሩን ስልክ በኢሞ ጮኸ። አቡ ኸሚስ ናቸው። በዓረብኛ ጀመሩ፤ በሰላምታው፣ በጤናው፣ በአላህ ምስጋናው ረጅም መንገድ ሄዱ። ከዚያ የሃሩን ፊት ተለወጠ። ሃሩን ደግሞ ሲናደድ ዓረብኛው ያልቅበታል፤ የሚቀረው አማርኛ ነው። ብድግ አለና እንዲህ ሲል ጮኸ፦

"ባሕር ዳሩን እንዳትሸጡ! ሆቴል አይሠራበትም! እኔ በሕይወት እያለሁ አይሆንም!"

ጋሽ አወቀ ከጎናችን ጠረጴዛ ሳምቡሳ እየበሉ ነበር። ሳምቡሳው መሃል መንገድ ላይ ቆመ።

ነገሩ ይገባችኋል። አንድ ሰው በቀይ ባሕር ዳርቻ ስላለ ጭቃ ይናገራል፤ ሌላው ጣና ዳር ያለ ቪላ ይሰማል። ሃሩን "ባሕር ዳር" ሲል ባሕሩ ዳር ማለቱ ነው። ደላላ ግን ባሕር ዳር ሲሰማ በካሬ ነው የሚሰማው። ጋሽ አወቀ አፋቸውን ጠርገው፣ ወንበራቸውን ጎትተው መጡ። እስከዚያ ጠዋት ድረስ ሃሩንን "አንተ" ሲሉት ነበር። ወንበሩን ሲጎትቱ "አንተ" የነበረው፣ ሲቀመጡ "እርስዎ" ሆነ።

"አቶ ሃሩን፣ ባሕር ዳሩ የእርስዎ ነው ማለት ነው?"

ሃሩን ዘወር ብሎ አየ፤ ከኋላው ሌላ ሰው የቆመ መስሎት ነው። "የእኔ ብቻ አይደለም፣ ጋሽ አወቀ። የመንደሩ ነው። እኔ ጠባቂው ነኝ።"

"አሃ፣ ወራሾች አሉበት። ውክልናው ከእርስዎ ጋር ነው። ስፋቱስ?"

"እንደ ውሃው ነው። ሲሞላ ይጠባል፣ ሲጎድል ይሰፋል።"

"ልክ ነው፤ ልክ ነው፤ የሐይቅ ዳር መሬት እንዲያ ነው። ካርታ አለው?"

"ካርታ የለውም። በቃል ነው የተያዘው።"

"ሰነድ አልባ!" አሉ ጋሽ አወቀ በደስታ፣ የጠፋ ዘመድ እንዳገኘ ሰው። "አይጨነቁ። ሰነድ አልባ የእኔ ሙያ ነው። ታዲያ ክርክሩ ምኑ ላይ ነው?"

"ከክልሉ ውጪ ስለሆነ ነዋ! ክልሉ ውስጥ ቢሆን ማን ይነካው ነበር?"

እዚህ ላይ ጋሽ አወቀ ተደናገጡ። ለሃሩን ክልል ማለት መንግሥት የከለለው ጥብቅ ቦታ ነው። ለጋሽ አወቀ ክልል ማለት ቢሮ፣ ሰብሳቢ፣ ባንዲራና የውሎ አበል ነው። ወደ እኔ ጠጋ ብለው በሹክሹክታ "ባሕር ዳር ከክልሉ ውጪ ከሆነ፣ ዋና ከተማው ወዴት ሊሄድ ነው?" አሉኝ።

"ጋሽ አወቀ፣ ይህማ ትልቅ ምስጢር ነው" አልኳቸው። ጥፋቴ ይህ ብቻ ነው።

የሃሩን ሻይ ሳይቀዘቅዝ ወሬው አቀስታ ደረሰ። በሚቀጥለው የገበያ ቀን አጅባር ላይ መሬቱ ሆቴል ሆኖ ተሠርቷል፤ ከአጅባር ሲመለስ ሆቴሉ ፎቅ ጨምሮ፣ መዋኛ ገንዳም አብጅቶ ነበር። ሃሩን በሄደበት ወንበር ተለቀቀለት። ባጃጅ ነጂዎቹ ጅረቷ ላይ ሲያገኙት "ይቅርታ፣ ባለሀብት" ብለው ጎማቸውን ይዘው ወጡ፤ የሰው ምክር ያልሠራውን ምናባዊ ሆቴል ሠራው። ስለ ልማት ስብሰባ ተጠርቶ ከፊት ወንበር ተቀመጠ። እድል ሲሰጠው ስለ ፍየል ተናገረ፤ ተጨበጨበለት። ሽማግሌ እየላከች ሰው ማጋባት የምትወደው ጎረቤታችን በለጡ "ያሰብኩልህን ልጅ የሐይቅ አየር ይስማማታል" እያለች አላስቀምጥ አላስቆም አለችው።

ሃሩን ይህ ሁሉ ክብር ለወሽመጡ የተሰጠ መሰለው። "ያ ጀማዓ፣ አላህ ይስጣችሁ። ለካ እናንተም ታስቡለት ነበር" ይል ነበር፣ ዓይኑ ውሃ ሞልቶ። እንዲህ እያለ ማን ይንገረው?

የሻንጣው ወሬ የተሰማ ዕለት ግን እኔም ተነሥቼ ጅረቷ ድረስ ወረድኩ። ድንጋዩ ላይ ተቀምጦ አገኘሁት።

"ሃሩን፣ እውነት ልትሄድ ነው እንዴ?"

ነገሩን ሁሉ አወጣው። አንድ ኩባንያ ወሽመጧን በአፈር ሞልቶ የጀልባ ማቆሚያና ሆቴል ሊሠራባት ነው። ጥብቅ ክልል ውስጥ ስላይደለች ማንም የሚከለክለው የለም። የቀረች አንዲት መንገድ አለች፦ ከመንግሥት ክልል ውጪ ሆኖም ሕዝብ ለረጅም ጊዜ በእውነት ጠብቆ ያቆየው ቦታ ከሆነ እንደ ጥብቅ ይመዘገባል። ኮሚቴ መጥቶ ሊያይ ነው። ኩባንያው "ይህን ጭቃ ማንም ጠብቆት አያውቅም" ብሏል። መንደሩ ጠብቀናል ይላል። ጠባቂያችሁ ማን ነው ሲባሉ ግን የሚጠሩት ስም በየትኛውም ወረቀት ላይ የለም።

"እኔ ነኝ እንግዲህ እሱ" አለኝ። "በኢሞ መስክር ብለውኛል።"

"ታዲያ ምን ያስጨንቅሃል? ትመሰክራለህ።"

"አንተ ታላግጣለህ፤ ግድ የለም። ግን ስማኝ። እኔ ከዓረብ አገር ቤት ሠርቼ አልመጣሁም። ሱቅ አልከፈትኩም። የጎረምሳነት ዕድሜዬን እዚያ ጨርሻለሁ። ምን ስትሠራ ኖርህ ሲሉኝ የማሳየው ያንን ጭቃ ነው። እሱን ከሞሉት እኔ የትም አልነበርኩም ማለት ነው።"

የማላግጥበት ነገር ፈለግሁ፤ አጣሁ።

"ከተመዘገበስ?"

"ከተመዘገበ ደንበኛ ጠባቂ ይቀጠርለታል። አቡ ኸሚስ 'በሕጋዊ ቪዛ እንጠራሃለን' ብለውኛል።"

ስለዚህ ጋሽ አወቀ በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ፣ በስህተት፣ ግማሽ እውነት ተናግረው ነበር ማለት ነው። ቢሸነፍ ሃሩን ይሰበራል። ቢያሸንፍ ሃሩን ይሄዳል። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሻይ ቤት ውስጥ በሩ ወደሚታይበት ወንበር ተዛወርኩ። ለብርሃኑ ነው እላለሁ፣ ለጠየቀኝ ሁሉ።

የምስክርነቱ ቀን ከዐስር ሶላት በኋላ ከተማው ራሕማ ሻይ ቤት ተከተተ። ኔትወርክ የሚሻለው እዚያ ነውና ሃሩን ስልኩን የስኳር ቆርቆሮው ላይ አስደግፎ ተቀመጠ። የመጣው ሕዝብ የባሕር ዳሩ መሬት ክርክር ሊያይ ነው የመጣው። ጋሽ አወቀ ከረቫት አሥረዋል። ራሕማ እጇን በሽርጧ ጠርጋ አስተርጓሚ ሆና ቆመች። ትርጉሟ ከራሷ አስተያየት ጋር ነው የሚቀርበው።

ስክሪኑ በራ። ባሕር፣ ጭቃ፣ ነጭ የለበሱ ሰዎች፣ አንድ ቢጫ ሎደር፣ ወዲያ ማዶ ግመሎች።

"ባሕር ዳር ግመል ገባ እንዴ?" አሉ ጋሽ አወቀ።

"ዝም በሉ ጋሼ፣ ጀምረዋል" አለች ራሕማ።

አቡ ኸሚስ ታዩ፤ ሽበታቸውን ነፋስ ያወዛውዘዋል። የኮሚቴው ሰብሳቢ መነጽር ያደረጉ፣ ሱሪያቸውን እስከ ጉልበት የሰበሰቡ ረጅም ሰው ናቸው። ቀጥሎ የኩባንያው ሰው ተናገረ።

"'ይህ ባዶ ቦታ ነው' ይላል" ብላ ተረጎመች ራሕማ። "'ከክልል ውጪ ያለ ባዶ ጭቃ ነው፤ ጠባቂ ኖሮት አያውቅም' ይላል። አፍ ብቻ ነው እኮ ይሄ ሰውዬ።"

ሰብሳቢው ወደ ስልኩ ዞሩ።

"'ጠባቂው አንተ ነህ ይላሉ' ይሉሃል። 'ፈቃድ አልነበረህም። የመንደሩ ሰዎች ደግሞ ለራሳቸው ነው የሚመሰክሩት። ነበርኩ ማለትማ ማንም ይችላል፤ በምን እናውቃለን?' ይሉሃል።"

ሃሩን ተነሣ። ጉሮሮውን ጠረገ። ሌሊቱን ሲያጠናው ያደረውን ዓረብኛ ጀመረ። "ቢስሚላህ" አለ፤ ጥሩ ነበር። "እኔ..." አለ፤ እሱም ጥሩ ነበር። ከዚያ ቆመ። የሚያየው ሰብሳቢውን አልነበረም። ከሰብሳቢው ትከሻ በስተጀርባ አንዲት ዘንካታ ግመል አንገቷን አስግጋ፣ በዝግታ፣ ማንም እንዳላያት ሆና ሹራው ውስጥ እየገባች ነበር። አንድ ቅርንጫፍ በአፏ ጨብጣለች።

ሃሩን ኮሚቴውን ረሳ። ዓረብኛውን ረሳ። እጁን አነሣና በቦረና እረኛ ድምፅ፣ የራሕማ ብርጭቆዎች መደርደሪያቸው ላይ እስኪንጫጩ ድረስ ጮኸ፦

"አንቺ! ውጪ ከዚያ! ውጪ ብያለሁ! አሁንም አልተውሽም?!"

እዚያ ስልኩን ከፒካፕ መኪና ድምፅ ማጉያ ጋር አገናኝተውት ኖሯል። ድምፁ በቀይ ባሕር ላይ ተንከባለለ። ሰብሳቢው ዘለሉ። የኩባንያው ሰው ጭቃው ውስጥ ተቀመጠ። ግመሏ ማላመጧን አቆመች። አንገቷን ወዲህ አለች፣ ወዲያ አለች፤ ከየት እንደመጣባት አላወቀችም፣ ማን እንደሆነ ግን ጠንቅቃ አውቃለች። ቅርንጫፉን ከአፏ ጣለች። ከዚያ ስትሰርቅ እንደተያዘች ምራት አንገቷን ደፍታ፣ ቀስ እያለች ወጣች። የእሷን ዱካ ተከትለው ሌሎቹም ወጡ።



ሰብሳቢው መነጽራቸውን አስተካክለው ጠየቁ። "'ምን አላት?' ይላሉ" አለች ራሕማ፤ እሷው ደግሞ በዓረብኛ መለሰችላቸው።

"'በምን ቋንቋ?' ይላሉ። በአማርኛ ነው ብያቸዋለሁ። 'ግመሏ አማርኛ ታውቃለች ወይ?' ይላሉ።"

አቡ ኸሚስ ሳቁ። ራሕማ ቃላቸውን ስትተረጉም የራሷን አስተያየት መጨመር የረሳችው ያን ጊዜ ብቻ ነው። "'የመንደራችን ግመል ሁሉ ይህን ቃል ያውቃል' ይላሉ። 'ከጥጃነቷ ጀምሮ በዚህ ቃል ነው ያሳደጋት። ልጆቻችንም ሲያጠፉ የምንቆጣቸው በዚሁ ቃል ነው' ይላሉ።"

ሰብሳቢው ግመሎቹን ለረጅም ጊዜ አዩ። ከዚያ ተናገሩ፤ ራሕማም ተረጎመች። "'ሰው ሊዋሽ ይችላል። ግመል ግን የማታውቀውን ሰው አትፈራም። ሎደሩ ይነሣ። ቦታው በመንደሩ የተጠበቀ ተብሎ እንዲመዘገብ እናቀርባለን' ይላሉ።"

መጮህ ጀመርን። ሕዝቡ ምን እንዳሸነፍን ባያውቅም ማሸነፋችንን አወቀ። "አላሁ አክበር" ያለ አለ፣ እልልታውን ያቀለጠች አለች፣ በለጡ ሃሩንን ግንባሩን ሳመችው። እኔም አጨበጨብኩ። እጄ ግን እንደ እርጥብ ጆንያ ከበደኝ። አቡ ኸሚስ ወደ ስልኩ ተጠግተው አንድ ነገር ብለውት ነበርና። ከዚያ ሁሉ ዓረብኛ እኔ የገባኝ አንድ ቃል ነው፤ ቪዛ።

ሃሩን መለሰላቸው። ድምፁ ዝቅ ያለ ነበር። ራሕማን አየኋት፤ ትርጉሙን ጠበቅሁ። ራሕማ ግን ፊቷን አዙራ ሳምቡሳ ልትጠብስ ጓዳ ገባች። ሳምቡሳ ደግሞ ያዘዘ ሰው አልነበረም።

ስክሪኑ ጠፋ። እኔ በዚህ ከተማ ስንት ሰው ላይ እንደቀለድኩ አላህና እግዚአብሔር ተካፍለው ቢቆጥሩት አይጨርሱትም። በዚያች ቅጽበት ግን ለራሴ ያልኩትን ልንገራችሁ፦ ይህ ሰው ከሄደ በጅረቷ ላይ "የማን ሻይ ይሆናል" የሚል ሰው አይኖርም፤ እኔም ማንን እንደምጽፍ አላውቅም። ሁለተኛውን ያልኩት የመጀመሪያው ስላሳፈረኝ ነው።

መጠየቅ አልቻልኩም። ጋሽ አወቀ ግን የማይችሉት ነገር የለም። ከረቫታቸውን አጥብቀው ወደፊት ወጡ።

"እንኳን ደስ ያለዎት፣ ክቡር አቶ ሃሩን! እንግዲህ ክርክሩ አልቋል። የባሕር ዳሩ መሬት የእርስዎ ሆኗል፣ ሆቴሉም የሚሠራው በእርስዎ ፈቃድ ነው፣ ሻንጣዎም ተዘጋጅቷል። መቼ ነው የሚሄዱልን? ቤትዎን የሚያከራዩ እንደሆነ ሰው አለኝ።"

ሃሩን አፉን ከፍቶ አያቸው። ወደ ሕዝቡ ዞሮ አየ። የፊት ወንበሩ፣ ጭብጨባው፣ ባለሀብት መባሉ፣ በለጡ ያጨችለት ልጅ፣ ሁሉም ከየት እንደመጣ ያን ጊዜ ገባው።

"ባሕር ዳር... ከተማውን ነው እንዴ የምትሉት?"

"ታዲያ ሌላ ባሕር ዳር አለ?"

ሃሩን ወንበሩ ላይ ቁጭ አለ። መጀመሪያ የሚያለቅስ መሰለኝ፤ እየሳቀ ነበር። ከዚያ እንባውን በእጁ ጀርባ ጠርጎ፣ ሁላችንም እንድንሰማው ቀስ ብሎ ተናገረ።

"ጋሽ አወቀ፣ ባሕር ዳር ከተማን ረግጬ አላውቅም። መሬት የለኝም። ሆቴል የለኝም። ሻንጣም የለኝም። ያ ወሽመጥ ከእንግዲህ ደመወዝተኛ ጠባቂ አለው፤ እኔን አይፈልገኝም ብያቸዋለሁ። የትም አልሄድም።"